ቪዲዮ መቁረጫው ጊዜዎን እንዳይቆርጠው

ዛሬ ዛሬ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ መጠበቅ ብቻውን አላዋጣ ብሏል። ሽሮሜዳ የሐበሻ ልብስ የሚሸጡት፣ መርካቶ ጫማ የሚያከፋፍሉት፣ ቤታቸው ኬክ ጋግረው የሚያደርሱት ሁሉ ስልካቸውን አቁመው ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ያልታየ ዕቃ፣ መደርደሪያው ላይ ቢኖርም እንደሌለ የሚቆጠርበት ጊዜ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለች ደንበኛማ ቀሚሱን በእጇ አትነካውም፤ ጥለቱን የምታየው በቪዲዮው ብቻ ነው።

መቅረጹ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች «ጀመረ እንዴ?» በሚል ድምፅ ያልፋሉ። መሃል ላይ አንዱ ገብቶ ዋጋ ይጠይቃል። መጨረሻው ደግሞ ስልኩን ለማጥፋት የተዘረጋ እጅ ነው። ይህን ሁሉ ቆርጦ መጣል የግድ ነው፤ ተመልካች እንደሆነ አይጠብቅም፣ ጣቱን አንሸራቶ ይሄዳል።

ታዲያ «የትኛው አፕ ይሻላል?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ የአፕ ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን ሥራ ለበዛበት ሰው አይጠቅምም። ገዥውን እያስተናገደ፣ ዕቃ እያስመጣ፣ ሒሳብ እየሠራ ቪዲዮ የሚለቅ ሰው መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት «እኔ በየቀኑ የምቆርጠው ምንድነው?» ብሎ ነው።

ጫፍና ጫፉን ብቻ የሚቆርጡ ከሆነ ምንም ማውረድ አያስፈልግዎትም። የአይፎን ፎቶ ማስቀመጫም ሆነ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው ጉግል ፎቶስ ይህን ይሠራሉ። ቴሌግራም ራሱ ቪዲዮ ከመላክዎ በፊት ጫፎቹን እንዲቆርጡ ይፈቅዳል። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ ሴቭ ሲያደርጉ «እንደ አዲስ ክሊፕ» ወይም «ኮፒ» የሚለውን ይምረጡ። ዋናው ቅጂ ነገ ለሌላ ማስታወቂያ ይፈለጋል።

መሃሉን አውጥተው ሁለት ሦስት ቁራጭ የሚቀጥሉ፣ ዋጋና ስልክ ቁጥር የሚጽፉ ከሆነ ግን እንደ ካፕከት፣ ኢንሾት ወይም ቪኤን ያለ አፕ ያስፈልግዎታል። እዚህ ጋ የእኛ አገር ሰው ሊረሳው የማይገባ ፈተና አለ፤ ፊደሉ። በአፖቹ ውስጥ ከተደረደሩት ያማሩ የፊደል ዓይነቶች አብዛኞቹ የተሠሩት ለላቲን ነው። አማርኛ ሲጽፉበት ወይ ቅርጹ አይለወጥም፣ ወይ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ስለዚህ አፑን ገና እንዳወረዱ «ጥለት ያለው ቀሚስ» ብለው ይጻፉበትና ይዩት። ካልሆነልዎ ከውጭ ፎንት ማስገባት የሚፈቅድ መሆኑን ይፈትሹ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰሉ ነፃ የግዕዝ ፎንቶች አሉ።

በኮምፒውተር ለሚሠሩ ከዊንዶውስ 11 ጋር የሚመጣው ክሊፕቻምፕ ለቀላል ሥራ በቂ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃው ቅጂው እንኳ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ነው፤ ግን ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ለመልመድም ሳምንታት ይወስዳል። ሁለት ጫፍ ለመቁረጥ እሱን መክፈት ሽንኩርት ለመክተፍ መጥረቢያ እንደ ማንሳት ነው።

የአንድ ሰዓት ቀጥታ ስርጭት ቀርጸው ከውስጡ አምስት አጭር ቪዲዮ ለሚያወጡ ደግሞ ሎስለስከት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፍጥነቱ የሚገርም ነው፤ ምክንያቱም ቪዲዮውን እንደገና አያቀናብረውም። አብዛኞቹ አፖች ሲቆርጡ ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አዲስ ይሠሩታል። «ኤክስፖርት» ብለው ሲጠብቁ ስልኩ የሚግለው ለዚህ ነው፤ ጥራቱም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ሎስለስከት ግን የሚፈለገውን ክፍል እንዳለ ቀድቶ ያወጣል። ጉድለትም አለው። ቪዲዮ ፋይል ውስጥ ሙሉ ምስል የሚቀመጠው በየመሃሉ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚቀመጠው የተለወጠው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ እንደገና ሳይቀናበር የሚቆረጥ ቪዲዮ መጀመር የሚችለው ሙሉ ምስሉ ካለበት ቦታ ነው። ቁርጡ እርስዎ ካሰቡት በትንሹ ፈቀቅ ሊል ይችላል። ለዕቃ ማሳያ ችግር የለውም፤ ለቃል በቃል ንግግር ግን ያስቸግራል።

ጊዜ የሚቆጥበው ሌላው ነገር ከመቁረጡ በፊት ያለው ነው። በአይፎን ማስተካከያ ላይ እንደተጻፈው፣ በ1080ፒ በሰከንድ 30 ምስል የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ 60 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ያው ደቂቃ በ4ኬ በሰከንድ 60 ምስል ሲሆን 400 ሜጋባይት ይሆናል። አሥር ደቂቃ ሲቀርጹ 4 ጊጋባይት ሄደ ማለት ነው። በስልክ ለሚታይ የቲክቶክ ቪዲዮ 1080ፒ ይበቃል። ስልኩም አይሞላም፣ አፑም አይንቀራፈፍም፣ የዳታ ፓኬጁም ይቆጠባል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ኢንሾት በነፃው ቅጂው ላይ የራሱን ምልክት ይለጥፋል፤ ካፕከት ደግሞ መጨረሻ ላይ አርማውን ይጨምራል፤ ሆኖም ጠቅ አድርገው ሊያጠፉት ይችላሉ። ትናንት በነፃ የነበረ መሣሪያ ዛሬ «ፕሮ» የሚል ምልክት ተለጥፎበት መገኘቱም አዲስ አይደለም። ወርሃዊ ክፍያው የሚታሰበው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ያየ ነጋዴ፣ በብር እየሸጡ በዶላር መክፈል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ስለዚህ በወር አንዴ እንኳ ለማትነኩት ነገር አትክፈሉ።

ክፍያውን ለመሸሽ ብለው ከቴሌግራም ቻናል «ክራክ የተደረገ ፕሮ» የሚያወርዱ አሉ። ይሄኛው ቀልድ አይደለም። ቪዲዮ የምትቆርጡበት ስልክ እኮ የባንክ አፕና ቴሌብር ያለበት፣ የደንበኞች ስልክ ቁጥር የተቀመጠበት ስልክ ነው። ማን እንደነካካው የማይታወቅ አፕ እዚያ ላይ መጫን የሱቁን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው እንደ መስጠት ነው።

ሌላው አደጋ ሥራን ሁሉ አንድ አፕ ላይ ማንጠልጠል ነው። በጥር 2017 ዓ.ም.፣ ልክ በጥምቀት ሰሞን፣ ቲክቶክ አሜሪካ ውስጥ በሕግ ሲታገድ ካፕከትም አብሮ ተዘጋ፤ የሁለቱም ባለቤት ባይትዳንስ ነበርና። አገልግሎቱ በቀናት ውስጥ ቢመለስም፣ እዚያ አገር ከአፕልና ከጉግል መደብር ማውረድ የተቻለው የካቲት ከገባ በኋላ ነው። ዋናውን ቪዲዮና ያለቀለትን ሥራ ከአፑ ውጭ የሚያስቀምጥ ሰው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ሌላ አፕ አውርዶ ይቀጥላል። ሁሉን በጅምር አፑ ውስጥ የተወው ግን እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውሩ በቴሌግራም ከሆነ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን «እንደ ፋይል» ይላኩት፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።

እንግዲህ ምርጫው የሚታወቀው በወሬ ሳይሆን በሰዓት ነው። ሱቁ ቀዝቀዝ ባለበት አንድ ምሽት፣ አንዱን እውነተኛ ቪዲዮ ይውሰዱና በሁለት አፕ ይቁረጡት። ከመክፈት እስከ መልቀቅ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይመዝግቡ። እንበልና አንዱ 25 ደቂቃ፣ ሌላው 8 ደቂቃ ወሰደ። በሳምንት አምስት ቪዲዮ ለሚለቅ ሰው የመጀመሪያው ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ሁለተኛው 40 ደቂቃ። ልዩነቱ 85 ደቂቃ ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህ ጊዜ መልስ ያላገኙ ደንበኞች የሚስተናገዱበት፣ ወይም ልጆቹ ሳይተኙ ቤት የሚደረስበት ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። አንድ ምሽት ተቀምጦ መምረጥ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ አፕ በወጣ ቁጥር አለመሮጥ ይሻላል። ደንበኛዋ የምትጠይቀው ዋጋውንና የሚደርስበትን ቀን ነው እንጂ በምን እንደቆረጡት አይደለም።