በከዋክብት መካከል ያለው የካርቦን ኬሚስትሪ

ከካርቦን ሰንሰለት የተሠሩ ራዲካሎች በምድር ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ አይቆዩም። ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ስላላቸው ከነካቸው ሞለኪውል ጋር ወዲያው ተዋህደው ሌላ ነገር ይሆናሉ። በከዋክብት መካከል ባሉት የጋዝ ደመናዎች ግን እነዚሁ ሞለኪውሎች በገፍ ይገኛሉ፤ የሚጋጫቸው እጅግ ጥቂት ነውና። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር ወደ 25 ቢሊዮን ቢሊዮን ሞለኪውሎች ሲይዝ፣ ያንኑ ያህል የደመናው ክፍል የሚይዘው አሥር ሺህ ገደማ ነው።

ደመናው እስከ 263 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል። በዚህ ብርድ ለመጀመር ኃይል የሚሹ ውህደቶች ቀጥ ይላሉ። ሥራውን የሚያስጀምረው የኮስሚክ ጨረር ነው፤ ሃይድሮጅንን መትቶ አዮን ያደርገዋል። አዮኑ ጎረቤቱን ስቦ ያለ ምንም እንቅፋት ይዋሃዳል፤ ካርቦንም በዚህ መንገድ ሰንሰለት መሥራት ይጀምራል።

ሞለኪውሎቹ የሚለዩት ሲሽከረከሩ በሚያመነጩት የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱን ለመለየት ግን የሞለኪውሉ ሞገድ አስቀድሞ በላቦራቶሪ መለካት ወይም በስሌት መተንበይ አለበት። ተመራማሪዎቹ ሃሪ ክሮቶ፣ ታኬሺ ኦካና የካናዳ ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚህ ዘዴ አምስት፣ ሰባትና ዘጠኝ ካርቦን ያላቸውን ሰንሰለቶች አገኙ። ክሮቶ እንዲህ ያሉት ሰንሰለቶች በካርቦን በበለጸጉ ከዋክብት ዙሪያ እንዴት እንደሚሠሩ ለማወቅ የጀመረው ሙከራ፣ በ1985 ከሮበርት ከርልና ከሪቻርድ ስሞሊ ጋር 60 ካርቦን ያለውን ክብ ሞለኪውል አስገኘ። ሦስቱ በ1996 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሞለኪውሉ ራሱ በጠፈር መኖሩን በ2010 ያረጋገጠው የስፒትዘር ቴሌስኮፕ ነው።

የአሁኑ ትኩረት ቀለበት በሠሩ ሞለኪውሎች ላይ ነው። ቤንዜን የተባለው ባለስድስት ካርቦን ቀለበት የኤሌክትሪክ ሚዛኑ እኩል ስለሆነ ለሬዲዮ ቴሌስኮፕ አይታይም፤ የካርቦንና የናይትሮጅን ጥንድ ሲለጠፍበት ግን ይታያል። እንዲህ ያለው ባለአንድ ቀለበት በ2018፣ ባለሁለቱ በ2021፣ ባለአራቱ በ2024 የተገኙት በሠውር ኅብረ ከዋክብት በሚገኝ አንድ ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ነው።

በእነዚህ ቀለበቶች ላይ ክርክር ያስነሳው ብዛታቸው ነው፤ ባለሁለቱ ቀለበት የደመናው ኬሚስትሪ ቀመሮች ከተነበዩት እጅግ በልጦ ተገኝቷል። ከፊሎቹ ተመራማሪዎች ቀለበቶቹ እዚያው ከትናንሽ ቁርጥራጮች እየተገጣጠሙ ያድጋሉ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ እርጅና ላይ ያሉ ከዋክብት ከተፉት አቧራ ተሰባብረው የቀሩ ናቸው ባይ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ከረቱ የብርድ ኬሚስትሪው ቀመር እንደገና መጻፉ ነው፤ ሁለተኞቹ ከረቱ ግን ፀሐይን የመሰሉ ከዋክብትና ፕላኔቶቻቸው ሲወለዱ ከቀደሙ ከዋክብት የተረከቡት የካርቦን ውርስ ከታሰበው ሊበልጥ ነው።