ከባዕድ አገር ነጋዴ ጋራ ስለሚደረግ ውል

በይፋት ቆላ፥ በቀወትና በሸዋ ሮቢት የሚበቅለው ማሾ ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥ እህል ሆኗል። ስለዚህ የአገር ገዥዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ያላቸው ሁሉ ባዕድ ነጋዴ ውልን በምን ዓይን እንደሚያይ ሊያውቁ ይገባል።

ለዚህ ምሳሌው ከዚሁ ከይፋት ይገኛል። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። መልእክተኛው ወደ ሸዋ የገባው በይፋት በኩል ሲሆን፥ በዚያ ዘመን የቆላውና የደጋው ነጋዴ የሚገናኘው በአልዩ አምባ ገበያ ነበረ። እንግሊዞች በውሉ ዜጎቻቸው ያለ ከልካይ ሊዘዋወሩና ሊነግዱ አሰቡ። በሸዋ ልማድ ግን እንግዳ የሚገባውም የሚወጣውም በንጉሥ ፈቃድ ነበረ፤ ንጉሡም ከሸቀጡ ይልቅ ጠመንጃና የእጅ ባለሙያ ይሹ ነበር። ገጸ በረከቱ ለአንዱ የንግድ በር መክፈቻ፥ ለሌላው የወዳጅነት ምልክት ሆነ። መንገዱም ረዥምና አስቸጋሪ ነበረና፥ መልእክተኛው በ1835 ዓ.ም. ሲመለስ ውሉ የታሰበውን ንግድ ሳያፈራ ቀረ።

ከ47 ዓመት በኋላ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውልማ ከዚህ የከፋ ነው። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፥ በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ጠቡ በ1888 ዓ.ም. እስከ አድዋ ጦርነት አደረሰ።

በኛ አገር ሁለት ሰዎች የእኩል እርሻ ሲዋዋሉ ሽማግሌና ዋስ ይበቃቸዋል፤ ዝናም ቢቀር ጉዳቱን ተመካክረው ይካፈላሉ። የውጭ አገር ሸማች ግን የተጻፈውን ቀን፥ ሚዛንና የእህሉን ጥራት ይጠይቃል። ቀኑ ቢያልፍ እርሱ ገበሬውን ቃለ አባይ ይለዋል፤ ገበሬውም እርሱን ርኅራኄ የሌለው ይለዋል። ሁለቱም በየልማዳቸው እውነት የያዙ ይመስላቸዋል።

እንግዲህ ፊርማ ሳይደረግ እነዚህ አራት ነገሮች ይፈጸሙ፦

1ኛ፤ ውሉ በሁለቱም ቋንቋ ቃል በቃል ይነበብ፤ ልዩነት ቢገኝ የትኛው እንደሚጸና ይጻፍ።

2ኛ፤ ዝናም ቢቀር ወይም አንበጣ ቢወርድ ኪሣራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ይወሰን።

3ኛ፤ የእህሉ ናሙና በሁለቱ ወገን ፊት ታሽጎ ይቀመጥ።

4ኛ፤ ስጦታ ከዋጋ ተለይቶ ይታወቅ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው የአባቶች ቃል ለጽሑፍም ይሠራል። መሬት በሕግ የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ፥ ሹም የሚፈርመው የሌላውን አደራ ይዞ ነው፤ ያላስተዋለው አንድ ቃል ዕዳ ሆኖ የሚደርሰውም ለገበሬው ነው።