ስለ ተማሪ ተዋንያን የድምፅና የአካል ልምምድ፤ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የምናገኘው ትምህርት

በተማሪዎች ዘንድ የቴአትር ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ቃለ ተውኔቱን በቃል በማጥናት ነው። ቃሉ ከተያዘ ጨዋታው ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን መጋረጃው ተከፍቶ ተዋናዩ በሕዝብ ፊት ሲቆም ድምፁ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም፤ እጁንም የት እንደሚያሳርፈው ይጠፋዋል። ከፍ ያለ የድምፅና የአካል ልምምድ የምንለው ይህን ጉድለት የሚያርመውን ትምህርት ነው፤ ይኸውም ትንፋሽን፥ ቃልንና አካልን አስተባብሮ ማሠራት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፥ የዚህ ትምህርት መሠረት ከውጭ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን፥ በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ደጋ ከኖረው የዜማ ሥርዓትም ሊወሰድ እንደሚገባው ነው።

በውጭው ዓለም በዚህ ረገድ ስማቸው ከሚጠቀሰው መምህራን መካከል ሲስሊ ቤሪና ክሪስቲን ሊንክሌተር ይገኛሉ። የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ1973፥ ሁለተኛዋ በ1976 ስለ ተዋናይ ድምፅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሁለቱም የተጨነቀ አካል ድምፅን እንደሚያፍን፥ ስለዚህም አንገት፥ ትከሻና መንጋጋ መፍታታት እንዳለባቸው ያስተምራሉ። ይህ ለማንኛውም ሰው የሚሠራ እውነት ነው። ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ የተጻፉት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለሆነ፥ ስለ ቋንቋችን ሁለት ነገሮችን አይነግሩንም።

አንደኛው የቀ፥ የጠ፥ የጨ፥ የጰና የጸ ነገር ነው። እነዚህ ፊደላት ሲነገሩ ማንቁርት ይዘጋል፤ ከበላዩ ታፍኖ የቆየው አየር ይፈነዳል እንጂ የሳንባ ትንፋሽ አይገፋቸውም። ስለዚህ ድምፄን ላጉላ ብሎ በትንፋሽ የሚገፋ ተዋናይ ጉሮሮውን ያደክማል እንጂ ፊደሉን አያጠራም። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። ጽሕፈታችን ይህን አያሳይም። «ይመታል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር ሰውዬው መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ግን ተመቺ ነው። እንግዲህ ተዋናዩ ቢሳሳት በዳይና ተበዳይ በአንድ ቃል ቦታ ይለዋወጣሉ ማለት ነው።

ከዚህም በቀር የአገሩን አየር ማሰብ ያስፈልጋል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ዛሬ በከተማይቱ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስላለ ከልዩ ልዩ አገር ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ከቆላ የመጣው በመጀመሪያው ጊዜ ረዥሙን ንግግር በአንድ ትንፋሽ ልጨርስ ቢል ያጥረዋል። መድኃኒቱ መጮኽ ሳይሆን ትንፋሽን መቆጠብ ነው። በጀርባ ተኝቶ፥ ጉልበትን አጥፎ፥ እጅን በሆድ ላይ አኑሮ፥ «ስ» እያሉ አየሩን በዝግታ ማውጣት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት እስከ 10፥ ቀጥሎም እስከ 15 እና 20 እየቆጠሩ ማሳደግ ይቻላል።

አሁን ወደ ዜማው እንምጣ። በዚያው ደጋ በአማራ ሳይንት የምትገኘው ተድባበ ማርያም በዜማ ታሪክ ከፍ ያለ ስም አላት። እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማ ምልክቶችን እንደ ሠሩ ይነገራል። ይዘት፥ ደረት፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ጭረት፥ ሂደት፥ ርክርክና ቁርጥ የተባሉት ምልክቶች ከቃሉ በላይ ተጽፈው ድምፁ የት እንደሚያዝ፥ የት እንደሚወርድ፥ የትስ እንደሚቆረጥ ያመለክታሉ። ተማሪ ተዋናይም ከዚህ ትልቅ ነገር ይማራል። በቃለ ተውኔቱ ላይ የራሱን ምልክት ያድርግ፤ የሚጠብቀውን ፊደል፥ የሚተነፍስበትን ቦታ፥ ድምፁ ወደ ደረት የሚወርድበትን ቃል አስቀድሞ በእርሳስ ይጻፍ።

ስለ አካል እንቅስቃሴም አቋቋም ያስተምረናል። ሊቃውንቱ በቁም ዜማ ያለ መሣሪያ ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ ከዚያም በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይጨመራሉ፤ በጽፋት ጊዜ ደግሞ ምቱ ይፈጥናል። አካል ከቃሉ አይቀድምም፤ ኀይሉም ደረጃ በደረጃ ይጨምራል እንጂ ከመነሻው አያልቅም። የወሎ መንዙማም መሪው ሲያዜም ተቀባዮቹ አድምጠው በአንድ ትንፋሽ መመለስን ያሳየናል፤ ይህም በመድረክ ላይ ጓደኛን መስማት ነው። እስክስታም ትከሻ ሲሠራ ትንፋሽ እንዳይታገድ ያለማምዳል።

ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ ያሻል። ማሕሌትና መንዙማ ጸሎት ናቸው፤ ስለዚህ ሥርዓታቸውን ልንማር እንጂ ለመድረክ ጨዋታ ልንቀዳቸው አይገባንም። ለመማርም ቢሆን የመሪጌታውን ወይም የሼኹን ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለተኛው፥ ዜማ ከአባት የተወረሰውን ሳይለውጡ መጠበቅ ሲሆን፥ ቴአትር ግን ቃሉ በዚያች ሰዓት የተወለደ እንዲመስል ይፈልጋል። ዜማውን እንዳለ የሚቀዳ ተዋናይ አነብናቢ ይሆናል እንጂ ሰው አይሆንም።

ልምምዱ ለአንድ ሰዓት ቢመደብ፥ 10 ደቂቃ አካልን ለማፍታታት፥ 15 ደቂቃ ለትንፋሽ፥ 15 ደቂቃ ለፊደላትና ለመጥበቅ፥ የቀረው 20 ደቂቃ ምልክት የተደረገበትን ቃል ከእንቅስቃሴ ጋር ለማዋሐድ ይሁን። ጉሮሮ የሚያመው ተማሪ ድምፁን ያሳርፍ፤ መጎርነኑ ከ3 ሳምንት ካለፈ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ሐሳባችንን በአጭሩ ለመደምደም፥ የውጭው ትምህርት አካላችንን እንድናፍታታ ይረዳናል፤ አማርኛን ከነጥብቀቱና ከነፍንዳታው በመድረክ ላይ ማሰማት ግን ከእኛ በቀር ማንም አይሠራልንም። ለዚሁ የሚሆነው ትምህርት በደጃችን ሳለ ሳንጠይቀው ብናልፍ ጉዳቱ የራሳችን ነው። የጎደለውን መምህራንና ጓደኞቻችን እንዲሞሉልን እንለምናለን።