የጂኤንዩ ነጻ የሰነድ ፈቃድ እና ደቢያን

የጂኤንዩ ነጻ የሰነድ ፈቃድ የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በተለይ ለሶፍትዌር መመሪያ መጻሕፍት የታሰበ ፈቃድ ነው። ጽሑፉን መቅዳት፣ ማሻሻልና ማሰራጨት ለማንም ይፈቅዳል። ሆኖም ደራሲው አንዳንድ ክፍሎችን «የማይለወጡ» ብሎ ከሰየመ እነርሱን መለወጥም ሆነ ማውጣት አይቻልም።

ክርክሩ

ደቢያን በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የሊኑክስ ስርጭት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው መመሪያ በውስጡ የሚካተት ሥራ ሁሉ ሊሻሻል የሚችል እንዲሆን ያዛል። ይህ ደንብ ለፕሮግራም ብቻ ነው ወይስ ለሰነድም? የሚለው ጥያቄ አባላቱን ለዓመታት አከራከረ።

የፈቃዱ ደጋፊዎች፣ የማይለወጡት ክፍሎች የደራሲውን አቋም የሚገልጹ እንጂ የሙያ ትምህርት ስላልሆኑ ተጠቃሚውን አይጎዱም ይላሉ። ለምሳሌ በኢማክስ መመሪያ ውስጥ የጂኤንዩ ማኒፌስቶ ከእነዚህ አንዱ ነው። ተቃዋሚዎች ግን ከመመሪያው ጥቂት ገጾች ወስዶ አጭር ማስተማሪያ የሚያዘጋጅ ሰው እንኳ ማኒፌስቶውን በሙሉ ለመጨመር ይገደዳል ሲሉ ይመልሳሉ።

ውሳኔው

በ2006 እ.ኤ.አ. የደቢያን አባላት ድምፅ ሰጡ። የማይለወጥ ክፍል የሌላቸው ሰነዶች ነጻ ናቸው፣ ያላቸው ግን አይደሉም ተባለ። በዚህም ምክንያት የኢማክስ መመሪያ «ነጻ ያልሆነ» ወደሚባለው ክፍል ተዛወረ፤ ፕሮግራሙን ከዋናው ክፍል የሚጭን ሰው መመሪያውን ለብቻ መፈለግ አለበት።

ዊኪፔዲያም እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚሁ ፈቃድ፣ ያለ ማይለወጡ ክፍሎች፣ ይታተም ነበር።