መብራት ሲመጣ አድራሻ የሚሰጠው ማነው?

ፌርፋክስ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብላችሁ ስልካችሁን ከዋይፋይ ጋር ስታገናኙ፣ ስልኩ በቅድሚያ የሚያደርገው መጣራት ነው። ገና አድራሻ የለውም፤ ማንን እንደሚጠይቅም አያውቅም። ስለዚህ መለያ ቁጥሩን ጠርቶ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» የሚል መልእክት ለኔትወርኩ በሙሉ ይለቃል። ሰምቶ የሚመልስለት ሥርዓት ዲኤችሲፒ ይባላል፤ የኔትወርክ ኮርስ የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙዎቻችን የማናውቀው፣ ያ መልእክት እስከ ዛሬ የሚጻፍበት ቅርጽ በ1985 እ.ኤ.አ. ከወጣ ሌላ ሥርዓት የተወሰደ መሆኑን ነው። ስሙ ቡትፒ ነው።

ቡትፒን አርኤፍሲ 951 በተባለው ሰነድ ያቀረቡት የስታንፎርዱ ቢል ክሮፍትና የሰን ማይክሮሲስተምስ ባልደረባ የነበረው ጆን ጊልሞር ናቸው። በዚያን ዘመን ሃርድ ዲስክ ውድ ስለነበር፣ ጭራሹን ዲስክ የሌላቸው ኮምፒውተሮች ይሠሩ ነበር። እንዲህ ያለው ማሽን ሲበራ ስለ ራሱ የሚያውቀው ፋብሪካው የሰጠውን ማክ አድራሻ ብቻ ነው። ቡትፒ አይፒ አድራሻውን ይሰጠዋል፤ የሚነሳበት ፋይል ማን እንደሚባልና የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለም ይነግረዋል። ፋይሉን ማምጣት ቲኤፍቲፒ የተባለው ቀላል ማስተላለፊያ ድርሻ ነው። ጥያቄው በፖርት 67 ይገባል፤ መልሱ ወደ ፖርት 68 ይሄዳል። (የእነዚህን ቁጥሮች መዝገብ ይይዝ የነበረው ጆን ፖስቴል ጎረቤታችን ነበር ማለት ይቻላል። ቢሮው ከባልድዊን ሂልስ ወደ ባሕሩ ሲወረድ፣ ማሪና ዴል ሬይ በሚገኘው የዩኤስሲ ኢንስቲትዩት ውስጥ ነበር።)

ዲኤችሲፒ በ1993 ሲመጣ የቡትፒን የመልእክት ቅርጽ እንዳለ ወሰደ። የለወጠው ዋና ነገር ይዞታውን ነው። ዲኤችሲፒ አድራሻ የሚሰጠው በጊዜ ገደብ ነው፤ ገደቡ ሲያልቅ ያላሳደሰ ይነጠቃል፣ አድራሻውም ለሌላ ይሰጣል። በቡትፒ ግን «እስከ መቼ» የሚባል ነገር የለም። በአያቶቻችን ቋንቋ አንዱ ኪራይ፣ ሌላው ርስት ነው። ርስት ደግሞ ያለ መዝገብ ጠብ ያመጣል። ስለዚህ የቡትፒ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ዋና ሥራው ፕሮግራሙን መጫን አይደለም፤ የትኛው ማክ የትኛውን አድራሻ እንደያዘ በእጁ መመዝገብና መዝገቡን ማደስ ነው። የአንድ ማሽን የኔትወርክ ካርድ ተበላሽቶ ሲቀየር ማኩም አብሮ ይቀየራል። መዝገቡ ካልታረመ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ቢጣራ የሚመልስለት የለም።

ይህን ድካም ለመሸሽ የሚፈልግ አቋራጭ አለው። ዲኤንኤስማስክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለቡትፒ ማሽኖችም ያለ መዝገብ አድራሻ እንዲያድል ማድረግ ይቻላል። ሆኖም የራሱ መመሪያ እንደሚያስጠነቅቀው፣ በዚህ መንገድ የተሰጠ አድራሻ ለዘለዓለም ሄዷል። 254 አድራሻ ባለው ኔትወርክ ላይ ለሙከራ የተሰካ ዕቃ ሁሉ አንድ አንድ እየወሰደ ይሄዳል። እኔ ብሆን አልከፍተውም።

የሙዚየም ወሬ እንዳይመስላችሁ። በየቢሮው ያሉ የቆዩ የኔትወርክ ፕሪንተሮች ቡትፒ ያውቃሉ። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ፋብሪካ ነው። የአለን ብራድሊ መቆጣጠሪያዎች የኢተርኔት ሞጁሎች ብዙዎቹ ከካርቶን ሲወጡ ቡትፒ ተከፍቶባቸው ነው። መሐንዲሱ ላፕቶፑን ይሰካል፣ በትንሽ ፕሮግራም አድራሻ ይሰጣል፣ መስመሩ ይሠራል። ከዚያ ሞጁሉ አድራሻውን በራሱ ላይ እንዲይዝ አዝዞ ቡትፒውን መዝጋት አለበት። ይህን ከረሳ ለወራት ምንም ላይታይ ይችላል። አንድ ቀን መብራት ይሄዳል፤ ይመጣል። ሞጁሉ እንደ አዲስ አድራሻ ይጠይቃል፤ መላሹ ላፕቶፕ ግን ከባለቤቱ ጋር ሎስ አንጀለስ ገብቷል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር፣ ለጥቂት ሳምንት መጥቶ የሚመለስ ባለሙያ በሚሠራው መስመር ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የምህንድስና ተማሪዎቻችን፣ በተለይ ለእናንተ ነው።

የቡትፒ ጸሐፊዎች የመብራቱን ነገር አስበውበታል። ሰነዳቸው ውስጥ ያለው ምሳሌ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በአንድ ገመድ ላይ አብረው የሚነሱ 100 ማሽኖች ናቸው። ሁሉም በየ4 ሴኮንዱ ቢጠይቁ ኔትወርኩ ይጥለቀለቃል። ስለዚህ መልስ ያጣ ማሽን የሚጠብቅበትን ጊዜ እያሳደገ፣ በዚያም ላይ ትንሽ ዕጣ እየጨመረበት እንዲጠይቅ መከሩ። ሰርቨሩ ራሱ ከሁሉ ዘግይቶ የሚነሳ ከሆነ ግን አንዳንዱ ማሽን ታክቶት ያቆማል። ሰርቨሩን ዩፒኤስ ላይ አድርጉት፤ የራሱ አድራሻም በላዩ የተጻፈ ቋሚ ይሁን እንጂ ከማንም አይጠይቅ።

የተለገሱ አሮጌ ኮምፒውተሮችን አስነስቶ ትንሽ ላብ ማቋቋም ለሚያስብ፣ ዲኤንኤስማስክ ይበቃዋል። ለዓመታት የተለመደው የአይኤስሲ ዲኤችሲፒ ሰርቨር በ2022 ጥገናው ቆሟል፤ ተተኪው ኬያ ለሃያ ማሽን ይበዛል። ለላቡ የራሱን ስዊች ስጡት። ከኮሌጁ ኔትወርክ ጋር አገናኝታችሁ ከከፈታችሁት፣ የእናንተው ሰርቨር ለማያውቃቸው ማሽኖችም አድራሻ ሊያድል ይችላል፤ ቀድሞ የመለሰውን መቀበል የተለመደ ነውና ሰዉ ከኢንተርኔት ይቆረጣል። ቡትፒም ሆነ ቲኤፍቲፒ የይለፍ ቃል አይጠይቁም፤ በሌላ ማሽን ማክ የመጣ ሁሉ የዚያን ማሽን መልስ ያገኛል። በማስነሻው ፋይል ውስጥ ምስጢር አታስቀምጡ። መዝገቡን ደግሞ አትማችሁ፣ ማክ፣ አድራሻ፣ የቆመበት ቦታና የተመዘገበበት ቀን ያለበትን አንድ ገጽ፣ ስዊቹ ባለበት ሣጥን በር ላይ ለጥፉት፤ ካርድ የቀየረ ሰው እዚያው በእስክሪብቶ ያርመዋል።