ወጥ ቤቱን ማን ቀባው?

ለበዓል ቤት ሲጸዳ ሁሉም የሚሸሸው ቦታ ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ነው። ኦሞ ይበጠበጣል፣ ሽቦ ይወጣል፣ በረኪና ይደፋበታል፤ ቡናማው ቅባት ግን ንቅንቅ አይልም። በጥፍር ሲፍቁት ተጠቅልሎ ይነሳል እንጂ አይቀልጥም። እዚህ ላይ ጉልበት አነሰ ማለት ስህተት ነው። የሚታሸው ነገር ዘይት መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ከኬሚስትሪው አንጻር ግድግዳው ላይ ያለው ቀለም ነው፤ ቀቢውም ድስቱ።

እዚያ እንዴት ወጣ? ለወጥ የሚቁላላ ሽንኩርት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይበስልና ዘይቱ በኋላ ይጨመርበታል። ሽንኩርት ከክብደቱ ከ85 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ከተቁላላ በኋላም እርጥበት አያጣም። አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ሲሆን የጋለ ዘይት ግን ከ150 ዲግሪ በላይ በቀላሉ ይደርሳል። እዚህ ዘይት ውስጥ የገባች የውሃ ጠብታ በቅጽበት እንፋሎት ትሆናለች፤ መጠኗም ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ዘይቱን የሚያፈናጥረው ይህ ፍንዳታ ነው። ትልልቁ ፍንጣሪ ምድጃውና እጃችን ላይ ያርፋል። ለዓይን የማይታየው ደቃቁ ግን ከድስቱ ከሚነሳው ሙቅ አየር ጋር ይወጣና ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ይለጠፋል። ማንም ምግብ ያላበሰለበት የካቢኔቱ አናት በቅባት የሚሸፈነው ለዚህ ነው።

ከዚያ የሚቀጥለው ሥራ የአየር ነው። የምግብ ዘይት ሞለኪውል ሦስት ረጃጅም የቅባት አሲዶች ግሊሰሪን ላይ ተያይዘው የሚሠሩት ነው። ከነዚህ አሲዶች አንዳንዶቹ ድርብ ትስስር አላቸው፤ ኦክስጅን የሚያጠቃውም በዚህ በኩል ነው። ኦክስጅን ሲገባ ጎረቤት ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ ብዙ ሲቆላለፉ ፈሳሹ ጠቅላላ ወደ አንድ ሰፊ መረብ ይለወጣል። ሠዓሊዎች ለዘመናት የተልባ ዘይትን ከቀለም ዱቄት ጋር የለወሱት ይህንን ጠባዩን ፈልገው ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ የሚተነው ውሃ የለውም፤ እንዲያውም ኦክስጅን ስለሚወስድ መጀመሪያ ላይ ክብደቱ ይጨምራል።

ኑጋችን ከተልባ ባይደርስም ሩቅ አይደለም። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍል ሁለት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ ስስ ሆኖ ከቆየ ይደርቃል። የሱፍ ዘይትም እንዲሁ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ድርብ ትስስር የሌለው ስለሆነ በዝግታ ነው የሚደርቀው፤ ሲነኩት የሚይዝ ሆኖ ብዙ ይቆይና አቧራ ይሰበስባል። ቅቤ ከሁሉም የዋህ ነው፤ ብርድ ያረጋዋል፣ ሙቅ ውሃ ይፈታዋል። የቤቱን ግድግዳ ነክቶ በምን ዘይት እንደሚበሰልበት መገመት ይቻላል ብል ብዙ አላጋነንኩም። በእንጨት በሚበሰልበት ቤት ደግሞ የጭሱ ሬንጅና ጥቀርሻ ይጨመርበታል፤ ያ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ኄርበርት ዚነር የሚባል የጀርመኑ የሄንከል ኩባንያ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1959 ማጽዳትን ለአራት ከፈለው፦ ኬሚካል፣ ሙቀት፣ ፍትጊያ፣ ጊዜ። አንዱን ብትቀንስ ሌሎቹን መጨመር አለብህ ነው ነገሩ። እኛ ቤት ሸክሙ ሁሉ የሚወድቀው ፍትጊያው ላይ ነው። ከአራቱ በነጻ የሚገኘውን ጊዜን ግን ማንም አይጠቀምበትም። ውህዱን ቀብቶ ወዲያው ማሸት ልማድ ሆኗል።

የዛሬ ዘይት ከሆነ ላርጎና ሙቅ ውሃ ይበቃዋል። የፈሳሽ ሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ዘይት፤ ዘይቱን ከብቦ በውሃ ያስወስደዋል። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒንም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው።

የከረመው ቅባት ግን መረብ ሆኗል፤ ፈሳሽ ሳሙና ብቻውን አይፈታውም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አልካሊ ነው። አልካሊ ቅባቱ ሲያረጅ የተፈጠሩበትን አሲዶች ወደ ሳሙና ይለውጣል፣ መረቡን የያዙትንም ትስስሮች ቀስ በቀስ ይበጣጥሳል። ከአብጃታ ሐይቅ ይወጣ የነበረው ሶዳ አሽ አንዱ ነው፤ ብዙ የዱቄት ሳሙናዎችም ይኸው አላቸው። አያቶቻችን ዕቃ የሚፈትጉበት አመድም ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለው ከዚሁ ወገን ነው። እንግዲህ የዱቄት ሳሙናውን በሙቅ ውሃ ወፈር አድርጎ መበጥበጥ፣ ጨርቅ ነክሮ ግድግዳው ላይ መለጠፍ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ትቶት ቡና መጠጣት። ከዚያ በጨርቅ ጠረግ ነው፤ ሽቦ አያስፈልግም። እጅ ላይ ጓንት ይደረግ፤ አልካሊ የቆዳንም ቅባት አይምርም።

ጥንቃቄ የሚሻው ግድግዳው ራሱ ነው። ሴራሚክ ከሆነ ላዩ መስታወት ስለሆነ ስጋት የለም። ዘይት ቀለም ከሆነ ግን ቀለሙና ቅባቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም በኦክስጅን የደረቀ ዘይት አለባቸው። አልካሊው ደግሞ የቱ ተፈላጊ፣ የቱ ቆሻሻ እንደሆነ አይለይም። ጨርቁ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ከመጣ ወይም ወዙ ከጠፋ ጊዜው በዝቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ በር ኋላ ያለች ጥግ ላይ አስቀድሞ መሞከር ይሻላል። በውሃ የሚቀጥነው ወዝ አልባ ቀለም ደግሞ ቀዳዳ ይበዛዋል፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ለዘብ ባለ ሳሙና ከመጥረግ ያለፈ ነገር ቀለሙን ያነሳዋል።

ቤኪንግ ሶዳና አቼቶን ቀላቅሎ መቀባት በየቦታው ይመከራል፤ አረፋው ደስ ይላል። ነገር ግን አንዱ አሲድ፣ ሌላው አልካሊ ስለሆኑ ተጣፍተው የሚተርፈው በአብዛኛው ጨው ያለበት ውሃ ነው። በረኪናም ቀለም ያነጣል፣ ጀርም ይገድላል እንጂ ቅባት አያነሳም። ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። በነጭ ጋዝ የሚያጸዱም አሉ። ቅባቱን በእርግጥ ያላላዋል፤ ከምድጃ አጠገብ ግን ለእሳት መጋበዣ ነው።

አልጫ የተፈናጠረበት ግድግዳ ሶዳ ሲነካው ቀይ ቢሆን አትደንግጡ። የእርድ ቀለም የሆነው ኩርኩሚን አልካሊ ሲያገኝ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ሲታጠብ ወደ ቢጫው ይመለሳል። የቀረውን ፀሐይ ያደበዝዘዋል።

ውህዱን ከታች ወደ ላይ ቀቡት። ከላይ ከተጀመረ ወደታች የሚወርደው ፈሳሽ ደረቁ ቅባት ላይ መስመር ይሠራል፤ መስመሩም በቀላሉ አይለቅም። በንጹሕ ውሃ የሚለቀለቀው ግን ከላይ ወደታች ነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ሊቀባ ከሆነ ደግሞ ማለቅለቁ ይደገም፤ ቅባት ላይ ያረፈ ቀለም አይይዝም፣ የቀረ ሳሙናም ያስነሳዋል።