ትንሿ ጥርስ ስታልቅ መኪናዋ አትጣል

ሐረርን የረገጠ ሁሉ መኪና ግርግርን ያውቀዋል። በጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው ይህ ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ገበያተኛዋ ጨርቁን ከሱቅ ትገዛለች፤ ልብስ ሰፊው እዚያው ለክቶ ይሰፋላታል። ድምፁ ሲቋረጥ አብሮ የሚቋረጠው የልጆች ደብተርና የእራት መግዣ ነው።

እንደሚታወቀው መኪና ሥራ የምታስፈታው ትልቁ አካሏ ሲሰበር ብቻ አይደለም። በአንዳንድ አሮጌ ሲንጀሮች የክር ማጠንጠኛ ላይ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ጥርስ ያለው ዘንግና እርሱ የሚያዞረው ትንሽ ጥርሳም ጎማ ይገኛሉ። ሥራቸው ክሩ በእኩል እንዲጠነጠን ማድረግ ነው። ጥርሱ ሲያልቅ ክሩ ወደ አንድ ወገን ይከመራል፤ የታችኛው ክር እየተያዘ ስፌቱ ይበላሻል። ባለሙያዎች ይህን ጥንድ «ዎርም ጊር» ይሉታል። በ1952 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበውና በሐረር ለረጅም ዘመን በታክሲነት ያገለገለው ፔጆ 404 እንኳ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው በዚሁ ዘዴ ነው።

የፋብሪካ መለዋወጫ ከገበያ ቢጠፋም ጥርሱን በትንሽ ቶርኖ መሥራት ይቻላል። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ጠመዝማዛው ከብረት ይወጣል። ቀጥሎ ያንኑ ጥርስ የያዘ ሌላ ብረት በቁመቱ ተሸንሽኖ፣ በእሳት ግሎ፣ በዘይት ተነክሮ ይጠነክርና መቁረጫ ይሆናል። ከነሐስ የተቆረጠው ክብ ጎማ ዙሪያው በጥርሱ ቁጥር ልክ እየተከፈለ በመጋዝ ይበሳል። ከዚያም እንደልቡ በሚዞርበት እንዝርት ላይ ተደርጎ ወደሚሽከረከረው መቁረጫ ቀስ በቀስ ይጠጋል። መቁረጫው ጎማውን ራሱ እያዞረ ጥርሱን ይጨርሰዋል። ጎማው 40 ጥርስ ካለው፣ ባለ አንድ መስመር ጠመዝማዛ 40 ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ ይዞራል።

ጎማው ከነሐስ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ጥርሶች እየተንሸራተቱ ስለሚፋተጉ ነሐስ በብረት ላይ በቀላሉ ይሄዳል፤ ማለቅ ካለበትም ለስላሳው ነሐስ ቀድሞ ያልቃል። ስለሆነም እናቶች ሆይ፣ ዘይት መቀባቱን አይዘንጉ። መኪናዋ ስትከብድ በጉልበት አያዙሯት። ወደ ቶርኖ ቤት ሲሄዱም የተበላሸውን ጎማ ብቻ ሳይሆን ጠመዝማዛውንም አብረው ይውሰዱ፤ የተሰበሩትን ጥርሶች ጨምሮ ያስቆጥሩ። አንድ ጥርስ ቢጎድል አዲሱ ጎማ አይገጥምም።

ይህ ሥራ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥትና ትክክለኛ ቆጠራ ይጠይቃል። የሐረር እናቶች ሰፌድና ሙዳይ ሲሰፉ ጌጡ እንዳይዛነፍ እያንዳንዱን ዙር በጥንቃቄ ይቆጥራሉ። ጥርስ ቆጥሮ ማውጣትም ከዚህ የራቀ ሙያ አይደለም። ስለዚህ ሴት ልጃችን ቶርኖ ልማር ስትል «የወንድ ሥራ ነው» ብለን አንመልሳት። የእናቷን መኪና ከዝምታ የምታወጣው እርሷ ልትሆን ትችላለችና።